በተመስገን ጊታር ውስጥ የነበረው ፉጨት

መስፍን የበደለኝ መብራት በየፈረቃው በሚጠፋበት ዓመት፣ የጆሃንስበርግ ብርድ ገብቶ ስቱዲዮ ውስጥ ጃኬት ለብሰን በምንሠራበት ወር ነው። አብረን ወንበር ለወንበር ተጠጋግተን ስንሠራ የኖርን ሰዎች ነን። አንድ ፉጨት ሰምቶ ዝም አለኝ። እኔ ያንን ፉጨት ስፈልግ መላ አካሌ ሲደክም፣ እሱ አጠገቤ ተቀምጦ ሻይውን ይጠጣ ነበር። በኋላ በሰው ፊት አዋረደኝ። አሁን ሥራውን ካቆምኩ ወዲህ "እትዬ ሙሉ አርጅታ ተወችው" እየተባለ እንደሚወራ ሰማሁ። እንዴት እንደተውኩት ሌላ ሰው ከሚያወራልኝ እኔ ብጽፈው ይሻላል።

ሥራዬ ድምፅ መቅዳትና ማጥራት ነበር። ሰው መዝሙሩን ሲሰማ ዘማሪውን ያመሰግናል። እኔን የሚያስታውሰኝ ድምፁ ሲበላሽ ብቻ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የኖርኩት በዚህ ፍርሃት ነው፤ ስልክ በተደወለ ቁጥር "እትዬ፣ ያ መዝሙር ላይ አንድ ነገር አለ" የሚል ሰው እየጠበቅኩ።

ያስተማረኝ አዲስ አበባ፣ ከካሴት መሸጫ በስተኋላ በነበረች ጠባብ ክፍል የሚሠራ ጋሽ ንጉሤ የሚባል ሰው ነው። ከመቅዳቱ በፊት በክፍሉ ውስጥ ያለውን ገመድ ሁሉ ይነቅላል። አምፖል እንኳ ያጠፋል። ከዚያ አንድ በአንድ ይሰካል። በሰካ ቁጥር እጁን ወደ ላይ ያነሣል፤ እጁ እስኪወርድ ድረስ የሚተነፍስ ሰው የለም። "ከመጨረሻው አትጀምሪ" ይለኝ ነበር። "ድምፁ ከሚወለድበት ቦታ ተነሥተሽ በእግርሽ ተከተይው።" ጊታሩ ቢጮህ መዳፉን ጅማቶቹ ላይ ያሳርፋል። ሲነካው ጭጭ ብሎ ዝም ካለ፣ ጥፋቱ የኤሌክትሪኩ የመሬት መስመር ማጣት ነው። ሲነካውም የማይለወጥ ከሆነ ከአካባቢው የሚገባ ነገር አለ ማለት ነው። ያን ጊዜ ተጫዋቹን ከነወንበሩ ቀስ እያለ ያዞረዋል፤ ጩኸቱ የሚቀንስበትን አቅጣጫ ሲያገኝ ወለሉ ላይ በጠመኔ ምልክት ያደርጋል።

ሌላም ልማድ ነበረው። ሁሉም ነገር ጸጥ ሲል ወደ እኔ ዞሮ "ምን ይሰማሻል?" ይለኛል። ቶሎ ብዬ "ምንም" ካልኩ ይቆጣል።

"ምንም አይባልም! እንደገና ስሚ!"

አንድ ቀን ዐይኔን ጨፍኜ ቆየሁና "ጋሼ፣ አንድ ቀጭን ነገር አለ፤ ከትንኝ የቀጠነ" አልኩት። ዘሎ ተነሣ። ጎረቤት ያለው ልብስ ሰፊ ቴሌቪዥን ከፍቶ ድምፁን ዘግቶት ነበር፤ የዚያ ዘመን ቴሌቪዥን ድምፁ ቢዘጋም በቀጭኑ ይጮኻል። ጋሽ ንጉሤ ሄዶ አስጠፋው፤ ተመልሶ ጠየቀኝ። ጠፍቷል አልኩት። "እንዲህ ነው!" ብሎ ጀርባዬን መታ አደረገኝ። እሱ ሰምቶት እኔን የሚፈትነኝ መስሎኝ ለብዙ ዓመት ኮራሁበት።

ወደ ጆሃንስበርግ እንዴት እንደመጣሁ እዚህ አልጽፍም። የስደተኛ ወረቀትን ጉዳይ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ላላየው ሰው ብነግረው አያምነኝም። መጀመሪያ ሂልብሮው በሚባል ሰፈር፣ በመጋረጃ በተከፈለ ክፍል ውስጥ እየኖርኩ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ እሠራ ነበር። ከደቡብ ኢትዮጵያ የመጡት ልጆች ብዙ መዘምራን ነበሯቸው፤ እኔም የሰለጠነ ጆሮ ነበረኝ። በኋላ ጄፒ በሚባለው የሐበሾች የገበያ መንገድ ላይ፣ ከሐጂ ከድር የጅምላ መደብር በላይ ባለው ፎቅ ስቱዲዮ ተከፈተ። ክፍሉን የሰጡን፣ ደመወዝም የሚከፍሉን ሐጂ ናቸው። ስለ ደመወዙ የምለው ነገር የለኝም። ሐጂ መዝሙርም ሆነ ነሺዳ ሲቀዳ በር ላይ ቆመው ያዩና "እኔ የሚገባኝ የዘይት ካርቶን ነው" ብለው ይወርዱ ነበር።

የመጀመሪያው ጠቤ ከሐጂ ፍሪጅ ጋር ነው። ከታች ትልቁ ማቀዝቀዣ ሲነሣ ጊታራችን ውስጥ ቷ ብሎ ይገባል፤ ከዚያ እስኪያቆም ድረስ ያጉረመርማል። ወርጄ ነገርኳቸው።

"ሙሉነሽ፣ ጌታ ይዘመርለት ብዬ ሥጋዬ ይበላሽ?"

"ለአንድ መዝሙር ያህል ብቻ ነው፣ ሐጂ።"

"ይሁን። ግን ረጅም መዝሙር አትቅጂ።"

ከዚያ ወዲህ ፎቁ ላይ መቅዳት ስንጀምር በእግሬ ወለሉን እመታለሁ፤ ከታች ፍሪጁ ይጠፋል። እንዲህ ያለ አለቃ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ምንም ቅሬታ ሳይኖረኝ የማስታውሰው ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው።

መስፍን የመጣው የጊታር ማጉያ ሳጥኖች ወጥተው ፕለጊን በሚሉት የኮምፒውተር ፕሮግራም መሥራት በተጀመረበት ጊዜ ነው። ወጣት ነው፣ ፈጣን ነው፣ ሳቂታ ነው። ሲያናግረኝ "እርስዎ" ብሎ ነው፤ ወንበሬን ይስብልኛል፤ ሻይ ሲያፈላ ቀድሞ ለእኔ ይቀዳል። ይህን ሁሉ ወደድኩለት። ዛሬ እያንዳንዱን እንደገና አገላብጬ አየዋለሁ።

ልጆቹ በዝማሬያቸው መሐል የሚያጓራ ጊታር ይፈልጉ ነበር። ዲስቶርሽን የሚሉት እሱን ነው። የጊታሩን ድምፅ አጉልቶ አጉልቶ እስኪሰነጠቅ መግፋት ማለት ነው። ፕለጊኑ ይህን በኮምፒውተር ውስጥ ይሠራል። ችግሩ ምንድን ነው፣ የሚያጎላው ጊታሩን ብቻ አይደለም። የኬብሉን መንቀጥቀጥ፣ የኮምፒውተሩን ቻርጀር፣ የአምፖሉን መብለጭለጭ፣ ኪስ ውስጥ ያለውን ስልክ፣ ሁሉንም አንድ ላይ ያገዝፈዋል። ስለዚህ ሰው መጥቶ "ፕለጊኑ ይጮኻል" ሲለኝ መጀመሪያ የማደርገው ፕለጊኑን ማጥፋት ነው። ጊታሩን ራቁቱን አዳምጣለሁ። ቻርጀሩን አስነቅዬ በባትሪ አስኬደዋለሁ። ተጫዋቹን ከስክሪኑ አርቄ አዞረዋለሁ። ጌን የሚሉትን የማጉያ መጠን እስከሚበቃ ድረስ እቀንሳለሁ፤ ግማሹ ሰው የሚሰቃየው ሳያስፈልገው ጥግ ድረስ ስለሚከፍተው ነው። ድምፁ የሚቆራረጥና የሚንጣጣ ከሆነ ደግሞ ጊታሩ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ነው የደከመው፤ ትንሽ የመተንፈሻ ጊዜ ሲጨመርለት ይተወዋል። ከዚህ ሁሉ በኋላ የቀረውን ሹክሹክታ በኖይዝ ጌት እዘጋለሁ፤ ይህም ጊታሩ ዝም ሲል በሩን የሚዘጋ መሣሪያ ነው። በሩም ከዲስቶርሽኑ በፊት ነው የሚቆመው።

በሩን አጥብቆ መዝጋትም ሌላ ጣጣ አለው። የእኛ ልጆች ጸሎት ሲጀመር ጊታራቸውን አያስቀምጡም፤ በጣታቸው ጫፍ እየነካኩ ከጸሎቱ በታች ይሄዳሉ። መስፍን መጀመሪያ ሰሞን በሩን አጥብቆት የአንድ ሽማግሌ ጸሎት ጊታሩ ሲገባና ሲቋረጥ፣ ሲገባና ሲቋረጥ የተቀዳ ጊዜ አለ። ማንም ሳይሰማ ወደ ጎን ወስጄ ነገርኩት። ማንም ሳይሰማ ነው ያልኩት።

አሁን ወደ ተመስገን ልምጣ። ተመስገን ከከተማው ውጭ፣ ኦሬንጅ ፋርም በሚባል ሰፈር፣ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የሰፈር ሱቅ ያለው ልጅ ነው። እጁ የተባረከ ጊታር ተጫዋች ነው። አንድ ጊዜ ልምምድ ብሎ ከተማ ሲመጣ ሱቁን ሰብረው ዘረፉት፤ ከዚያ ወዲህ ሱቁን ጥሎ አይወጣም። የመዘምራኑ መሪ ወንድም ጴጥሮስ ለቤተ ክርስቲያኑ የዓመቱ ኮንፈረንስ የሚሆን መዝሙር ሲያዘጋጅ "ያለ ተመስገን አይሆንም" አለ። ስለዚህ ተመስገን ከሱቁ ጀርባ፣ በበቆሎ ዱቄትና በስኳር ጆንያ መሐል ተቀምጦ ጊታሩን ብቻውን፣ ያለ ምንም ዲስቶርሽን ቀዳና ላከልን። ዲስቶርሽኑን እኔ እዚህ በፕለጊን እንድጨምርበት።

ከፈትኩት። መግቢያው ላይ ያለው ለስላሳ ጊታር ውሃ ይመስላል። ዲስቶርሽኑን ስጨምርበት ግን ከጊታሩ ውስጥ ፉጨት ወጣ። አንድ ቦታ የሚቆም ፉጨት አይደለም፤ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ እንደ ሰከረ ሰው። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ሰምቼ አላውቅም።

ጋሽ ንጉሤ እንዳስተማረኝ ከመነሻው ጀመርኩ። ፕለጊኑን አጠፋሁ። ጊታሩ ንጹሕ ነው። አበራሁ። ፉጨት። አጠፋሁ። ንጹሕ።

"መስፍን፣ ና እስቲ። ይህ ጊታር ንጹሕ ነው አይደል?"

የጆሮ ማዳመጫውን አጠለቀ። ቆየ። አወለቀ።

"እርስዎ ካሉ ነው፣ እትዬ።"

"እኔ ካልኩ አይደለም። አንተ ምን ትላለህ?"

"ንጹሕ ነው። ፕለጊኑ ይሆናል።"

ይህን ቃል ያለው በዚያች ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። እዚህ ላይ የጻፍኩት እንዳይካድ ነው።

ለተመስገን ደወልኩ። ስልኩ ውስጥ የሱቁ ወከባ ይሰማል፤ አንዲት አሮጊት ደንበኛ በዙሉ ሰላም እያለ ነው።

"ሳውቦና ጎጎ! ዳቦ ስንት ልስጥሽ? ... እትዬ፣ ይቅርታ፣ አለሁ።"

"ስትቀዳ ምን ምን ተሰክቶ ነበር?"

"ሁሉን ነቅያለሁ። ፍሪጅ የለም፣ ኢንቨርተር የለም፣ ስልኬ ራሱ ደጅ ነበረ።"

"ግድግዳ ላይስ?"

"አምፖል ብቻ። እሱም ጠፍቶ ነበር። ... አይ ጎጎ፣ ትናንትናም እንዲሁ ብለሽኛል! ... እትዬ፣ እንደገና ልቅዳው?"

እንደገና ቀዳው። ያው ነው። ፕለጊኑን በሌላ ፕለጊን ለወጥኩት፤ ፉጨቱ መልኩን ለወጠ እንጂ አልሄደም። ጌን ቀነስኩ፤ ጊታሩ ሞተ፣ ፉጨቱ ግን አልሞተም። በሩን አጠበቅኩ፤ ጊታሩ ዝም ሲል ፉጨቱም ዝም ይላል፣ ጊታሩ ሲናገር አብሮ ይናገራል። ፕለጊኑ ውስጥ ሥራውን በጥራት እንዲሠራ የሚያስገድድ አንድ ምርጫ አለ፤ እሱን ስከፍተው ፉጨቱ በጣም ሳሳ። አልጠፋም። ከበሮውና ድምፁ ሲገባበት ግን የሚሸፈን መሰለኝ።

በእነዚያ ሳምንታት ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ የፍሬኑን ጩኸት ሳይቀር እያዳመጥኩ ያው ፉጨት ይመስለኝ ነበር። የመዘምራኑ ልጆች ስቱዲዮ ሲመጡ እኔ ስገባ ወሬ ያቋርጣሉ። ወንድም ጴጥሮስ ሲጠይቀኝ "ጊታሩ ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ የፕለጊኑ ነው፤ አድክሜዋለሁ" አልኩት። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ያን መተያየት አየሁት፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም። አሙኝ ብዬ ነው የተረዳሁት።

የኮንፈረንሱ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ፊት ለፊት ሽማግሌዎቹና እናቶች፣ ከኋላ ወጣቶቹ። ከስቱዲዮ ስፒከሮቻችን ጋር የማይወዳደሩ ትልልቅ ስፒከሮች ቆመዋል። መዘምራኑ ከመቆማቸው በፊት ቅጂው ይሰማ ተባለና እኔ ከፈትኩት።

የተመስገን ለስላሳ መግቢያ አዳራሹን ሞላው። ዲስቶርሽን ገና አልገባም። እንዴት እንደሚያምር! ፊት ያሉት ሽማግሌዎች ዐይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔም ተመስገን ምስኪን፣ እዚህ ሆነህ ብታየው እያልኩ ዞር አልኩ።

ከኋላ ያለው ወጣት ሁሉ ጆሮውን ይዟል።

አንዱ ፊቱን አጨማዷል። አንዷ ሕፃን ልጇን ይዛ እየወጣች ነው፤ ሕፃኑ ይጮኻል። ምን እንደሆኑ አልገባኝም። እኔ የምሰማው ያማረ ጊታር ብቻ ነው። አንድ ሽማግሌ ዘወር ብለው "ምን ሆናችኋል እናንተ? በጌታ ቤት!" ብለው ገሠጿቸው። ልጆቹ ለአክብሮት ብለው እጃቸውን አወረዱ፤ ፊታቸው ግን እንደተጨማደደ ነው። አዳራሹ ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ እኔ ከሽማግሌዎቹ ጋር ነበርኩ።

ከዚያ ዲስቶርሽኑ ሲገባ ያ ሰካራም ፉጨት በትልልቆቹ ስፒከሮች መጣ፤ አሁን ሽማግሌዎቹም ዐይናቸውን ገለጡ። ወንድም ጴጥሮስ እጁን አወዛወዘልኝ። አቆምኩት።

መስፍን ተነሣ። ከጃኬቱ ኪስ ፍላሽ አወጣ። "ይቅርታ፣ እትዬ" ብሎ ከኮምፒውተሩ ገለል አደረገኝና ሰክቶ ከፈተው። ያው መዝሙር ነው፣ ያው ጊታር። ለእኔ መግቢያው ምንም ልዩነት የለውም። የወጣቶቹ ትከሻ ግን ሲወርድ አየሁ። ዲስቶርሽኑ ገባ፤ ፉጨት የለም። አዳራሹ "ሃሌ ሉያ" አለ።

ወንድም ጴጥሮስ መጥቶ ምን እንደሆነ ጠየቀ። መስፍን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ግን እኔና በአጠገቡ የቆመው ሁሉ እንድንሰማ አድርጎ መለሰ።

"የእትዬ ጆሮ ይህን ድምፅ አይደርስበትም። ከመጀመሪያው አውቀዋለሁ። እንዳላሳፍራቸው ብዬ ነው።"

ደጅ ወጥቼ ጠበቅኩት።

"ሰምተኸው ነበር?"

"እትዬ፣ ብርድ ነው፣ ይግቡ..."

"ሰምተኸው ነበር ወይ ነው ያልኩህ።"

"አዎ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ተመስገን ከላከው ቀን።"

"ስጠይቅህስ? ንጹሕ ነው አላልክም?"

"እርስዎ ንጹሕ ነው ካሉ እኔ እንዴት አይደለም ልበል? ለእናቴ ጆሮሽ አይሰማም እላለሁ?"

"እናትህ መኪና እየመጣባት ብትቆም ዝም ትላለህ?"

"እኔ ብቻ አይደለሁም እኮ። መዘምራኑ ሁሉ ሰምተዋል። ማንም አልተናገረም። ለምን እኔን ብቻ?"

"እነሱ የተስተካከለውን በኪሳቸው ይዘው አልመጡም።"

ጫማውን አየ። ከዚያ "አክብሬዎት ነው" አለኝ። የተናገረውን ራሱም ያመነው ይመስለኛል። ይህ ነው የበለጠ ያናደደኝ።

በነጋታው ኮምፒውተሩን ይዤ ኦሬንጅ ፋርም ሄድኩ። ለታክሲ ሰልፉ ረጅም ነው፣ መንገዱም ረጅም ነው። ተመስገን ከብረት ፍርግርጉ በስተጀርባ ሲያየኝ ደነገጠ። ጊታሩን አስያዝኩትና የድምፁን ከፍታና ዝቅታ በመስመር የሚያሳየውን መስኮት ከፈትኩ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ይህን መስኮት ንቄው ኖሬያለሁ፤ በዐይን የሚሰማ ሰው አላስተማረኝም። ከላይ፣ ከጊታሩ ድምፅ ሁሉ በላይ፣ ከእኔ ጆሮ በላይ፣ አንዲት ብሩህ መስመር ትወጣለች፣ ትወርዳለች።

"ተመስገን፣ እውነቱን ንገረኝ። እዚህ ክፍል ውስጥ ምን ይሰማሃል?"

"ምንም..." አለና ቆመ። ጆሮውን ወደ ጆንያዎቹ አዘነበለ። "ውይ! እትዬ! እሱ ነው እንዴ?"

ጆንያዎቹን ገፋ። ከበስተኋላቸው ግድግዳው ላይ አንዲት ነጭ ነገር ተሰክታለች፤ የአይጥ ማባረሪያ። ታክሲ መናኸሪያ ላይ የገዛት ናት። ሰው የማይሰማው፣ አይጥ የሚሸሸው ድምፅ አላት ብለው ነው የሸጡለት።

"ሰው የማይሰማው?" አልኩት።

"መጀመሪያ ሰሞን ያሳብደኝ ነበር። በኋላ ለመድኩት። ከነመኖሯም ረስቻታለሁ።"

"አይጡስ ሸሸ?"

"ኧረ የት!" ብሎ ሳቀ። ከዚያ ፊቴን አይቶ ሳቁን ዋጠ።

ነቀላት። መስመሯ ከስክሪኑ ላይ ጠፋች። ነገሩ ያን ጊዜ ግልጽ ሆነልኝ። የጊታሩ ማግኔት ያቺ መሣሪያ የምትረጨውን ይቀበል ነበር። ድምፁ ያለው እኔ በማልደርስበት ከፍታ ስለሆነ ጊታሩ ብቻውን ሲሆን ለእኔ ንጹሕ ነው። ዲስቶርሽኑ ግን ያን የላይኛውን ድምፅ ይሰባብረውና ስብርባሪውን ወደ ታች፣ እኔ ወደምሰማበት ያወርደዋል። እኔ ስብርባሪውን እያሳደድኩ ነበር። መድኃኒቱም ቀላል ነው፤ ከዲስቶርሽኑ በፊት የላይኛውን ድምፅ መቁረጥ። ጊታር እዚያ ላይ ምንም ንብረት የለውም። መስፍን ያደረገው ይህንኑ ነው። የአንድ ሻይ ጊዜ አይፈጅም።

ከኦሬንጅ ፋርም ስመለስ ታክሲው መስኮት አጠገብ ተቀምጬ ጋሽ ንጉሤን አሰብኩት። የልብስ ሰፊው ቴሌቪዥን። ዘሎ ሲነሣ የነበረው ፊቱ። ሰውየው እየፈተነኝ አልነበረም፤ አይሰማውም ነበር። ጆሮው ከዚያ በላይ እንደማይሄድ ያውቅ ነበርና በእኔ ጆሮ ይሰማ ነበር። "ምንም" ስለው የሚቆጣው ለዚህ ነው። አክብሮቴን አልፈለገም፤ የሚሰማኝን ነው የፈለገው። እስኪሞት ድረስ አንድም ጊዜ አልነገረኝም። ይህን ቢነግረኝ ኖሮ ብዬ ተቀየምኩት። ቅያሜዬ እስከ አሁን አልወጣልኝም።

ሐኪም ዘንድ ሄጄ ጆሮዬን አስመረመርኩ። ሐኪሟ የዕድሜ ነው፣ ከሰው ጋር ለመነጋገር ምንም አይጎድልዎትም አለችኝ። ሥራዬን አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳት።

መስፍን ብዙም ሳይቆይ በሚቀጥለው ሕንፃ ላይ የራሱን ስቱዲዮ ከፈተ። ከመዘምራኑ የሚበዙት ተከትለውት ሄዱ። ወሬው ከእሱ ቀድሞ ደርሷል፤ ቤተ ክርስቲያን ስገባ ሰዎች ጮክ ብለው ያናግሩኝ ጀመር። ሐጂ ከድር ሰምተው ፎቁ ላይ ወጡ።

"ሙሉነሽ፣ እኔ መነጽር ካደረግኩ ስንት ዘመኔ ነው። ሱቁን ዘጋሁ?"

"መነጽር አለዎት፣ ሐጂ።"

"አንቺስ የምትሰማ ልጅ አትቀጥሪም?"

"የምትሰማማ ሞልታለች" አልኳቸው። "የምትናገር ነው ያጣሁት።"

አንድ ጊዜ ግን ልሞክር ብዬ ነበር። ዲፕስሉት ከሚባለው ሰፈር አራት ልጆች ጊታርና ፕለጊናቸውን ይዘው መጡ፤ ዲስቶርሽን ሲከፍቱ ይጮኽብናል፣ እትዬ ያስተካክሉልን አሉ። አስቀመጥኳቸው። ጆሮዬ እስከ የት እንደሚሰማ ነገርኳቸው፤ ከዚያ በላይ ያለውን እናንተ ካልነገራችሁኝ መሥራት አልችልም አልኳቸው። ሁሉም "እሺ እትዬ፣ እንነግርዎታለን" አሉ።

ከኮምፒውተሩ አንድ ድምፅ በስፒከሮቹ ለቀቅኩ። እኔ አልሰማውም፤ ስክሪኑ ላይ ግን መስመሩ ቀጥ ብሎ ቆሟል። የአንዷ ልጅ ትከሻ ወደ ላይ ወጣ። ከጎኗ ያለው ጆሮው እንደሚያሳክከው ሰው ጣቱን ከተተበት። ጊታር የያዘው ዐይኑን ጠበብ አደረገ።

"ምን ሰማችሁ?"

ተያዩ። ያንኑ መተያየት ነው።

"ምንም የለም፣ እትዬ" አለች ልጅቷ። "በጣም ጥሩ ነው።"

"ጥሩ የሆነው ምኑ ነው?"

"ድምፁ... ጸጥታው። ንጹሕ ነው።"

አጠፋሁት። ትከሻዋ ወረደ፤ ልጁም ጣቱን ከጆሮው አወጣ።

ሥራውን አልተቀበልኩም። የመስፍንን አድራሻ ሰጥቼ ሸኘኋቸው። በዚያው ሳምንት የራሴ የነበሩትን ስፒከሮችና ኮምፒውተር ሸጥኩ፤ የክፍሉን ቁልፍ ለሐጂ ከድር አስረከብኩ።